አቮካዶ አልሸጥልሽም ያሉኝ የሱሉልታ ችግኝ ቤት

ችኩል ሰው ከሆናችሁ ይሄን ችግኝ ቤት አልመክራችሁም። መኪና አቁማችሁ፣ ችግኝ ጭናችሁ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ውልቅ የምትሉበት ቦታ አይደለም። ባለቤቱ መጀመሪያ ይጠይቋችኋል። መሬታችሁ ዋልካ ነው ቀይ አፈር? ክረምት ውሃ ይተኛበታል? ጎረቤት ባህር ዛፍ አለው? ፍየል ይገባል? ጥያቄው ሳያልቅ ዋጋ አይነግሯችሁም። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ "ምንህን ነው የሚያምህ?" ሳይባል ዕቃ የማይሸጥበት ቤት ይመቸኛል። አብራኝ የሄደችው ጎረቤቴ ግን "የፖሊስ ምርመራ ነው እንዴ!" ብላ መኪና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ቦታው ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ እንጦጦን አቋርጦ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው በጎጃም መንገድ ነው። ከተማዋን ትንሽ አለፍ ስትሉ የሚገባ የኮረት መንገድ አለ። ታፔላ የለውም። የቆርቆሮ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ጎማ ካያችሁ ደርሳችኋል። ሰፈርተኛው ባለቤቱን "ጋሼ" ስለሚላቸው እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ የሚያንስ አይመስለኝም። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ያውቁታል፤ ችግኞቹ ፊት የተተከሉት የእንጨት ምልክቶች ላይም ሁለቱም ተጽፏል። ጽድ፣ ጋቲራ። ኮሶ፣ ሄጦ። ወይራ፣ ኤጄርሳ።

የሄድኩት ለአቮካዶ ነበር። አዲስ በሠራነው ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ሁለት ዛፍ ልተክል አስቤ።

"አቮካዶ አለ ጋሼ?"

"አለ። ቤትሽ የት ነው?"

ነገርኳቸው።

"ሜዳው ላይ? ለአንቺ አልሸጥም። ኅዳር ላይ ውርጩ አንድ ሌሊት ይለበልበዋል። ብርሽን ለምን እበላለሁ ልጄ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ከዙሪያው ተራራ እየተንሸራተተ ይወርድና ሜዳው ላይ ይተኛል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ጎረቤት ሲተርፍ ሜዳው ላይ ያለው ይቃጠላል። አቮካዶውን የሚያፈሉት ቆላ ቀመስ አገር ለሚወስዱ ሰዎች ነው። ገንዘብ ይዞ የመጣን ደንበኛ "አልሸጥም" የሚል ነጋዴ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ስንት አለ? እኔ ከዚህ በፊት አልገጠመኝም።

በምትኩ የሸጡልኝ የመጀመሪያው ነገር ኮርች ነው። ለኮርች ገንዘብ ማውጣት መጀመሪያ አልዋጥ ብሎኝ ነበር። የአጥር እንጨት ነዋ! ራሳቸው ጋሼም "ቅርንጫፉን ከሰው ለምነሽ ብትሰኪው ይይዝልሻል" ብለውኛል። "ከዘር የበቀለው ግን ሥሩ ጠለቅ ይላል" አሉና አንዷን ችግኝ ከፕላስቲኳ መዘዝ አድርገው አፈሩን አራገፉ። ቀጫጭኑ ሥር ላይ ምስር የሚያካክሉ እባጮች ተለጥፈውበታል። በሽታ ነው የሚመስለው። አንዱን እባጭ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ለሁለት ከፈሉት። ውስጡ ሮዝ ነው።

"ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። አረንጓዴ ወይ ግራጫ ሆኖ ካገኘሽው ሥራ ፈት ነው" አሉኝ።

እባጩ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። አየር ውስጥ ሞልቶ የተረፈውን፣ ዕፅዋት ግን በቀጥታ ሊጠቀሙበት የማይችሉትን ናይትሮጂን ይዘው ለዛፉ የሚስማማ ምግብ ያደርጉታል። ዛፉ በፋንታው ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይከፍላቸዋል። ሮዝ ቀለሙ ደማችንን ቀይ ከሚያደርገው ከሂሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ነው። ሥራው ኦክስጅንን ሰብስቦ መያዝ ነው፤ ኦክስጅን ከበዛ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጂን የሚይዙበት መሣሪያ ይበላሻል። ባቄላም፣ አተርም፣ ሽምብራም ይሄው ጠባይ አላቸው። ገበሬው ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ በዓመቱ ስንዴ የሚዘራው ለዚህ ነው። ኮርች ደግሞ ዛፍ ስለሆነ በየጊዜው ቅጠሉ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለ ሁሉ ይጠቀማል። የኛው አገር ኮርች ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል ዛፍ መሆኑን ያወቅሁትም እዚያው ነው። ቀይ አበባው ሲፈነዳ መንቁራቸው የረዘመ፣ ላባቸው የሚያብለጨልጭ ትናንሽ ወፎች ማሩን ሊቀስሙ ይመጣሉ። ግንባራቸው ላይ የአበባውን ዱቄት ይዘው ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሄዳሉ።

አፈራቸውም ሌላ ቦታ የምታገኙት ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ችግኝ ቤት አሸዋ፣ ፍግና የተቆፈረ አፈር ደባልቆ ይሞላል። ጋሼ ከዚያ በላይ አንድ ነገር ይጨምራሉ። አስፈቅደው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደን፣ ከአሮጌ ጽድ ሥር የሚያመጡት ጥቁር አፈር አለ። ከእሱ እያንዳንዱ ፕላስቲክ ውስጥ አንድ ጭብጥ ያደርጋሉ። "እርሾ ነው" ይላሉ። አልተሳሳቱም። የደን አፈር ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የፈንገስ ክሮች አሉ። ከዛፉ ሥር ጋር ተጣብቀው፣ ሥሩ ራሱ ሊደርስበት የማይችለው ቦታ ድረስ ተዘርግተው ፎስፈረስና ውሃ ያመጡለታል። ዋጋቸው እዚህም ስኳር ነው። ምድር ላይ ያሉ አብዛኞቹ ዕፅዋት ከእንዲህ ያለ ፈንገስ ጋር ተሻርከው ነው የሚኖሩት። በቆፋሪ መኪና ተገልብጦ የወጣ የግንባታ አፈር ላይ የተተከለ ችግኝ ዓመቱን ሙሉ ባለበት የሚቆመው አንድም በዚህ ነው፤ ሸሪኮቹ አብረውት የሉም።

ስለ ኮሶ አንድ ምክር ልስጣችሁ፤ ሻጭ ሁሉ አይነግራችሁም። ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው። ችግኝ እያለ መለየት አይቻልም። ለአበባው ብላችሁ የምትተክሉ ከሆነ አንድ ብቻ ገዝታችሁ አትሂዱ። ጽድና ዝግባም ጠባያቸው ተመሳሳይ ነው።

አሁን ወደ ባቄላው ልምጣ። ብዙ ደንበኛ ይሄን አይቶ ነው ፊቱን አዙሮ የሚወጣው። በግቢው ጥግ ለሽያጭ ያልሆነ ባቄላ ዘርተዋል። ጫፍ ጫፉ በጥቁር ክሽክሽ፣ የተክል ፈሳሽ በሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ተወሯል።

"ምነው አይረጩትም?" አልኳቸው።

"ቁጭ በዪና እዪው" አሉና በርጩማ ሰጡኝ።

ተቀመጥኩ። ግንዱ ላይ ጉንዳን ይወጣል፣ ይወርዳል። ክሽክሹ ጋ ሲደርስ በአንቴናው ጀርባውን ደባበስ ያደርገዋል። ያኔ ክሽክሹ ከኋላው የምታብረቀርቅ ጠብታ ያወጣል። ጉንዳኑ ላስ አድርጎ ይሄዳል። ክሽክሽ የሚመጠው የተክል ፈሳሽ ስኳሩ ብዙ፣ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። የሚፈልጋትን ጥቂት ፕሮቲን ለማግኘት ብዙ መምጠጥ አለበት፤ የተረፈውን ስኳር ያስወግዳል። ለጉንዳኑ ሲሳይ ነው። እሱም በምላሹ ዘብ ይቆማል። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ መጣች፤ ምግቧ ክሽክሽ ነው። ሁለት ጉንዳኖች እግሯን ነክሰው ከቅጠሉ ላይ ጣሏት። በሌላኛው ግንድ፣ ጉንዳን በሌለበት፣ የእሷው ዓይነት ያለ ከልካይ ትበላለች።

ጋሼ በጣታቸው ጫፍ አንድ ሌላ ነገር አሳዩኝ። ከቀሩት መሃል ያበጠ፣ ቡናማ የሆነ፣ የማይንቀሳቀስ ክሽክሽ። ጀርባው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አለው። ከትንኝ የምታንስ ተርብ እንቁላሏን ውስጡ ጥላበት ነበር። የተፈለፈለው ልጅ ክሽክሹን ከውስጥ በልቶ ጨርሶ በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ሄዷል። እኔ እንኳን ሆዴ ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ዘገነነኝ።

"አሁን መድኃኒት ብረጭ" አሉ ጋሼ፣ "ክሽክሹም ይሞታል፣ ጥንዚዛዋም፣ ተርቧም። ቀድሞ የሚመለሰው ማነው?"

የሚመለሰው ክሽክሹ ነው። ሴቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ እንቁላል ጥላ መጠበቅም የለባትም፣ ሕያው ልጅ ነው የምትወልደው። ጥቂት ከተረፉ በአጭር ጊዜ ግንዱን ይሞሉታል። በላተኞቹ እስኪበዙና እስኪደርሱ ድረስ ባለሜዳው እሱ ነው። ባቄላው የተዘራው ለዚህ ኖሯል፤ ጥንዚዛና ተርብ ማርቢያ ነው። ብዙ ምሁር ካወራኝ በላይ ነገሩን ያስረዳኝ ይሄ በርጩማ ነው።

የፈረንጅ ጽድ አጥር አምሯችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ጋሼ አይሸጡም። ምክንያታቸው እዚያው ክሽክሽ ጋ ይመለሳል። የፈረንጅ ጽድን የሚመጥ ሌላ ዓይነት ክሽክሽ አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ከታየ ወዲህ የምሥራቅ አፍሪካን ተክል አድርቋል፤ እኛም አገር ገብቷል። ይሄን ያህል የፈነጨው ከመጣበት አገር ጠላቶቹን ትቶ ስለመጣ ነው። ማላዊና ኬንያ በኋላ ከአውሮፓ አንዲት ጥቃቅን ተርብ አስመጥተው መልቀቅ ነበረባቸው። ሰፈራችን ውስጥ ከመሃሉ ቡናማ እየሆነ የሚደርቅ አጥር ስታዩ ውሃ ጥም ብቻ አይምሰላችሁ።

የወፍ ቆሎም አይሸጡም። አበባው ያምራል፤ ብዙ ቦታ በየፕላስቲኩ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ግን ወፍ ፍሬውን በልታ የትም ትዘራዋለች፣ ከብት አይበላውም፣ የግጦሽ መሬት ይወርሳል። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ሲወጣ ለጌጥ የተወሰደ አበባ ነበር። ዛሬ ጣና ላይ ምን እንደሚሠራ እናውቃለን።

ባህር ዛፍ ላይ ግን ከጋሼ ጋር አልተስማማንም። ስሙን እንኳ ሲጠሩ ፊታቸው ይኮሳተራል። ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ውሃ ይጨርሳል፣ ቅጠሉ አይበሰብስም። እውነት አላቸው። ዘይታማ ቅጠሉን ፍየል አትቀምሰውም። አውስትራሊያ ውስጥ ኮዋላም ነፍሳትም ይበሉታል፤ እዚህ ሲመጣ በላተኛውን እዚያው ትቶ ነው የመጣው። እኔ የምለው ደግሞ ይሄን ነው። በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት አልቆ ከተማዋ ራሷ ልትነሳ ደርሳ ነበር። ባህር ዛፍ ባይመጣ አዲስ አበባ የምንላት ከተማ ባልኖረች። ዛሬም ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች የሚያድሩት በእሱ ነው። የኔን ቤት ጣሪያ የያዘውም አጠና ባህር ዛፍ ነው። ንብ እንኳ አበባውን ትወደዋለች።

"ዛፉን ጠላሁት አላልኩም" አሉ በመጨረሻ። "ብቻውን መሆኑ ነው የማይመቸኝ። የጎረቤትሽ ባህር ዛፍ ካለ ኮሶሽን ቢያንስ አሥር ሜትር አርቂው።"

ይሄን ተቀብያለሁ።

ከገዛሁት ዕቃ ይልቅ የጠቀመኝ ግን ሳይከፈልበት የመጣ ምክር ነው። አጥሬ ሥር የበቀለውን ቀጋ ላስመነጥረው ቀን ሠራተኛ ቀጥሬ ነበር። "እሾሁን ለምን ታባርሪያለሽ? ወይራውን ከሥሩ ሸጉጪው" አሉኝ። ቀጋው ጥላ ይሰጣል፣ አፈሩን እርጥብ ያደርጋል፣ ፍየል አያስጠጋም። ወይራው ካደገ በኋላ ራሱ ቀጋው ላይ ጥላ ይጥልበታል፤ ያኔ ቀጋው በራሱ ጊዜ ይሳሳል። ደጋ አገር ደን ራሱን ከሚተካባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። ሜዳ ላይ ብቻቸውን ከተከልኳቸው ይልቅ ቀጋ ሥር ያሉት ወይራዎቼ ቅጠላቸው ይወፍራል።

ፍልፈል ሲያስቸግረኝም መርዝ ሳይሆን ረጅም እንጨት ትከዪ አሉኝ። ጭልፊት ይቀመጥበታል። አጠና ተከልኩ። ጭልፊቱም መጣ፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ነው። ፍልፈሉ ጠፋ? አልጠፋም። የአፈር ክምሩ ግን ከእንጨቱ ራቅ ብሏል። ልጄ ይሄን አይታ "ፍልፈሉ ይሄን ያህል ሞልቶ ጭልፊት አንድ ብቻ ለምን ሆነ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሱ ከባዮሎጂ ደብተሯ ውስጥ ወጣ። ሥሩን የበላው ፍልፈል ያገኘውን ጉልበት አብዛኛውን ለመቆፈር፣ ለመሞቅ፣ ለመኖር ይጨርሰዋል። ወደ በላተኛው የሚሻገረው በግምት አንድ አሥረኛው ነው። ስለዚህ አንድ ጭልፊት ለመኖር ብዙ ፍልፈል፣ ፍልፈሉ ደግሞ ሰፊ መሬት ይፈልጋል። ባሌ ላይ የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ የሆነው ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ እዚያም ቀበሮው በጣት የሚቆጠር፣ ፍልፈሉ የትየለሌ ነው።

ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ፣ እንዳታሙኝ። ዝግባው ላይ ቅር ብሎኛል። ፕላስቲኩ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆይቶ ሥሩ ተጠምዝዟል፤ የአንዳንዱማ ከታች ቀዶ ወጥቶ መሬት ይዟል። ነቅለው ሲሰጧችሁ ዋናው ሥር ይበጠሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ፕላስቲኩን ገልብጣችሁ ታቹን እዩ። ከወሰድኩት ኮሶ ከፊሉ በመጀመሪያው በጋ ደርቋል። ውሃ አጠጥቻለሁ። ምትክ ስጠይቅ "ኮሶ ሥሩ ሲነካ ያኮርፋል" ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ፕላስቲኩ ለኮሶ ጠብቦበት ነው ባይ ነኝ። ዋጋ አልተለጠፈም። ድርድር የለም፤ ብር ቀንሱ ካላችኋቸው ችግኝ ይመርቁላችኋል እንጂ አይቀንሱም። እኔ ስገዛ ጽድ 40፣ ኮርች 50፣ ኮሶ 70፣ ዝግባ 120 ብር ነበር። ቴሌብር ይቀበላሉ፤ ልጃቸው ስልኩን ይዞ ከሌለ ግን ጥሬ ብር ያዙ።

የሚካኤልና የማርያም ዕለት አፈር አይነኩም፤ 12 እና 21 ላይ ሄዳችሁ በሩ ተዘግቶ ብታገኙት አትገረሙ። ክረምት ላይ የኮረቱ መንገድ ያልቅና የመጨረሻው ጥቂት እርምጃ ዋልካ ጭቃ ነው። ቦቲ ያስፈልጋል። ኮሶ የምትፈልጉ ግንቦት ሳያልቅ ስማችሁን አስመዝግቡ። ሐምሌ ሲገባ ለአረንጓዴ አሻራ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች በአይሱዙ መጥተው ያለውን ጠርገው ይጭኑታል፤ ያኔ ለእናንተ የሚተርፈው ሥሩ የተጠመዘዘው ዝግባ ነው።